ስሪላንካን ያዳናት የየትኛው ወንበር ለውጥ ነው?

ያን ቪዲዮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጁላይ 9 ቀን 2022 ኮሎምቦ ውስጥ ሕዝቡ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ጥሶ ገባ። አንዱ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ሌላው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሰልፊ ይነሳል። ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ ከአራት ቀን በኋላ በወታደራዊ አውሮፕላን ወደ ማልዲቭስ፣ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር ሄዱ። የሥራ መልቀቂያቸውን የላኩት በኢሜይል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚያው ላይ ዘግቶታል። ኑሮ ተወደደ፣ ሕዝብ ተነሳ፣ መሪው ወረደ፣ አለቀ። ቀኖቹን በተርታ ደርድሮ ላየ ግን አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ኢኮኖሚውን ያዞሩት ሁለት ትልልቅ ውሳኔዎች ናቸው። አንዱ የወለድ ምጣኔን በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ መስቀል ነው፤ ሌላው የውጭ ዕዳ ክፍያን ማቆም። ሁለቱም የተወሰኑት በኤፕሪል 2022 ነው። ያኔ ጎታባያ ገና ሥልጣን ላይ ነበሩ። ሕዝቡ መኖሪያቸውን የወረረው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ታዲያ በኤፕሪል ማን ተቀየረ? የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ።

መሪ ሲቀየር ኢኮኖሚ ይቀየራል ወይ የሚለው ጥያቄ እኛም አገር በየቡናው ጠረጴዛ ይነሳል። ስሪላንካ ጥሩ መልስ ያላት ይመስለኛል። ይቀየራል፤ ግን ሁሌ በምናስበው ወንበር በኩል አይደለም።

ጥፋቱም የመጣው በመሪ ለውጥ ነው

ስሪላንካ 22 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። ለ26 ዓመት የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በ2009 ሲያበቃ መንግሥት በብዛት በዶላር ይበደር ጀመር። መንገድ፣ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። አንዳንዱ ሥራ ላይ ዋለ፣ አንዳንዱ ባዶውን ቆመ። የሐምባንቶታ ወደብ በ2017 ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ በኪራይ ተላለፈ። ዕዳው ከባድ ነበር። ቢሆንም አገሪቱ እስከዚያ ድረስ ዕዳዋን አንድም ቀን ሳትከፍል ቀርታ አታውቅም ነበር። ሻይና ልብስ ትሸጣለች፣ በ2018 ብቻ ከቱሪዝም 4.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች።

በ2019 የፋሲካ ዕለት አጥፍቶ ጠፊዎች አብያተ ክርስቲያናትንና ሆቴሎችን አጠቁ። ከ260 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡ ደነገጠ፣ ጠንካራ ሰው ፈለገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ ጎታባያ በ52 በመቶ ድምፅ ተመረጡ።

ቃል የገቡት የታክስ ቅነሳ ነበር፤ ቃላቸውንም አከበሩ። ችግሩ ማክበራቸው ነው። ወር ሳይሞላ ቫት ከ15 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ከደሞዝ በቀጥታ የሚቆረጠው ግብር ቀረ። ለቫት ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ዓመታዊ ሽያጭ ከ12 ሚሊዮን ሩፒ ወደ 300 ሚሊዮን ሩፒ ተሰቀለ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የባሰ ነው። ግብር ከፋዩን ቀነስኩልህ ሳይሆን ከነጭራሹ መዝገቡ ውስጥ አትግባ እንደ ማለት ነው። የታክስ ገቢው ወደ 8 በመቶ የአገር ውስጥ ምርት አሽቆለቆለ። ወዲያው ኮቪድ መጣ፣ ቱሪስት ጠፋ። አበዳሪዎች በራቸውን ዘጉ።

እንግሊዝም በ2022 ተመሳሳይ ነገር ሞክራ ነበር። ሊዝ ትረስ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ በሳምንታት ውስጥ መተኪያ ያልተገኘለት 45 ቢሊዮን ፓውንድ የታክስ ቅነሳ አወጁ። ፓውንድ ተፈጠፈጠ፣ የመንግሥት ቦንድ ገበያ ተናወጠ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ጣልቃ ገባ። ትረስ በ49 ቀናቸው ከሥልጣን ወጡ። ስህተቱ ያው ነው። ልዩነቱ ስህተቱን ለማረም የፈጀው ጊዜ ነው፤ ለንደን ውስጥ ሳምንታት፣ ኮሎምቦ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል።

ለምን ያን ያህል ቆየ? ምክንያቱም «ጌታዬ፣ ይሄ ነገር አያዋጣም» የሚል ሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ጎታባያ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንድማቸው ማሂንዳ። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሌላው ወንድማቸው ባሲል። ሌላው ወንድም ቻማልም ሚኒስትር፣ የማሂንዳ ልጅ ናማልም ሚኒስትር። በኦክቶበር 2020 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ይበልጥ ሰፋ። የካቢኔ ስብሰባውና የቤተሰብ ምሳው ብዙም አይለያዩም ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው የማዳበሪያው ውሳኔ የመጣው። በ2021 አጋማሽ ገደማ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለ። ምክንያቱ ጤና ነው ተባለ። ለማዳበሪያ የሚወጣውን ዶላር ማዳንም እንዳለበት ማንም አልሳተውም። ገበሬው ዝግጅት አልነበረውም፣ በቂ የተፈጥሮ ማዳበሪያም አልነበረም። ሩዙ ወደቀ፣ ሻዩም ተጎዳ። በራሷ ሩዝ የምትኖር አገር ሩዝ ከውጭ መሸመት ጀመረች። ክልከላው በኖቬምበር ተነሳ። መንግሥት ለሩዝ ገበሬዎች ካሳ ብቻ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሩፒ መደበ። ሊድን የታሰበው ዶላር በሌላ በር ወጣ።

በባንክ ወይስ በሰው?

አሁን ለእኛ ቅርብ ወደሆነው ጉዳይ እንምጣ። ቤሩት፣ ኩዌት ወይም ሪያድ የሠራች ኢትዮጵያዊት ስሪላንካውያንን ታውቃቸዋለች። በአንድ ሕንፃ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ሠርተዋል። ደሞዝ ሲደርስ የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። በባንክ ልላክ ወይስ በሰው?

በሴፕቴምበር 2021 አጂት ኒቫርድ ካብራል የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ሆኑ። ካብራል የራጃፓክሳዎች የፖለቲካ ሰው ናቸው። አንዱን ዶላር 200 ሩፒ ገደማ ላይ ቸከሉት። ሩፒ አልደከመም ለማለት ነው። የጎን ገበያው ግን ከዚያ በጣም የተሻለ ይከፍል ነበር። ኩዌት ያለችው ስሪላንካዊት ሒሳቡን ለመሥራት ኢኮኖሚስት አያስፈልጋትም። በባንክ ብትልክ እናቷ የምታገኘው ያንሳል፣ በሰው ብትልክ ይበዛል። በ2020 በሕጋዊ መንገድ ወደ አገሪቱ የገባው ሐዋላ 7.1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2021 ወደ 5.5 ቢሊዮን ወረደ፣ በ2022 ወደ 3.8 ቢሊዮን። ሠራተኞቹ አልቀነሱም፤ እንዲያውም በ2022 ከ300 ሺህ በላይ ስሪላንካውያን ለሥራ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ገንዘቡ መላኩን አላቆመም፣ መንገዱን ነው የቀየረው።

ይህንን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ከጁላይ 2024 በፊት የባንኩ ዶላር 57 ብር ሲሆን ውጭ ያለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ለምን ያን ያህል እንደዘለለ ሁላችንም አይተናል። የተቸከለ ዋጋ የአገርን ክብር ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ ለመሪዎች ጣፋጭ ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ዶላር አጥቶ መድኃኒት ማስገባት ያቃተው አስመጪና ፋርማሲ በር ላይ የቆመው በሽተኛ ነው።

የስሪላንካ የውጭ ምንዛሪ ክምችት በ2019 መጨረሻ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2022 ኮሎምቦ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሳ። 500 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ክፍያ ደርሷል። የአገሪቱ ኢኮኖሚስቶች «አትክፈሉ፣ ዕዳው ይሸጋሸግ፣ ዶላሩን ለነዳጅና ለምግብ አቆዩት» አሉ። መንግሥት ከፈለ። ወደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ወደ አይኤምኤፍ፣ መሄድም ለወራት አሻፈረኝ ብሎ ቆይቷል። ስሙን ለመጠበቅ ነበር። በማርች ክምችቱ 1.9 ቢሊዮን ደረሰ፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው እንደልብ የሚነካ አልነበረም። በሜይ ወር ባሲልን የተኩት የገንዘብ ሚኒስትር አሊ ሳብሪ ለፓርላማ ሲናገሩ በእጅ ያለው ጥቅም ላይ የሚውል ዶላር 50 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም አሉ። ይህ ለ22 ሚሊዮን ሕዝብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም አይቶታል። መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ይጠፋል። ወረቀት ስለሌለ የተማሪዎች ፈተና ተራዘመ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ የሞቱ ሰዎች አሉ።

ኤፕሪል

ማርች 31 ማታ ሰልፈኞች የጎታባያን የግል ቤት ከበቡ። በቀናት ውስጥ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀር ካቢኔው እንዳለ ለቀቀ። ካብራልም ለቀቁ። ጎታባያ በቦታቸው የጠሩት ናንዳላል ዊራሲንጌን ነው። ሰውየው የዚያው ባንክ የረጅም ጊዜ ባለሙያ ናቸው። ጡረታ ወጥተው አውስትራሊያ ይኖሩ ነበር።

ኤፕሪል 7 ሥራ ጀመሩ። ኤፕሪል 8 ባንኩ የሚያበድርበትን ወለድ ከ7.5 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ ሰቀሉ። ኤፕሪል 12 መንግሥት የውጭ ዕዳ ክፍያ መቆሙን አስታወቀ። በታሪኳ የመጀመሪያው ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው ፕሬዚዳንት ሥር፣ ለሁለት ዓመት አይደረግም የተባለው ሁሉ ተደረገ።

እርግጥ ነው፣ መንገድ ላይ የወጣው ሕዝብ ባይኖር ጎታባያ ዊራሲንጌን አይጠሩም ነበር። ስለዚህ የሕዝቡ አመፅ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዋጋው ግን ፕሬዚዳንቱን ከማባረሩ በፊት ነው የታየው። «አይሆንም» ማለት የሚችል አንድ ሰው ትክክለኛው ወንበር ላይ አስቀመጠ። የጁላይው ትዕይንት ለካሜራ ይመቻል። ለኢኮኖሚው ግን ኤፕሪል ይበልጣል ባይ ነኝ።

መፍትሔው ሲጀመር ኑሮው ወዲያው አልቀለለም፤ ይባስ ብሎ ከበደ። ሩፒው ወደ 360 ወረደ። የዋጋ ግሽበት በሴፕቴምበር 2022 70 በመቶ ገደማ ደረሰ፣ የምግቡ ብቻ ወደ 95 በመቶ ተጠጋ። አዲስ መሪ ሲመጣ ነገ ዳቦ ይረክሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው።

ማንም ያልመረጣቸው ፕሬዚዳንት

ጎታባያ ሲሄዱ ፓርላማው በ134 ድምፅ ራኒል ዊክረመሲንጌን ፕሬዚዳንት አደረገ። ራኒል ስድስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሽማግሌ ፖለቲከኛ ናቸው። በ2020 ምርጫ ፓርቲያቸው ከ225 ወንበር ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ የተቀመጡት ራሳቸው ናቸው። ድምፅ የሰጧቸው በብዛት የራጃፓክሳ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግስት ሌሊት ጦር ሠራዊቱ የሰልፈኞቹን ድንኳን አፈረሰ።

እንግዲህ አገሪቱን ከአዘቅቱ ያወጣውን መራራ መድኃኒት የሰጧት እኚህ ሰው ናቸው። ቫትን ወደ 15፣ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 18 በመቶ አወጡ። የመብራት ታሪፍ በኦገስት 2022 በአማካይ 75 በመቶ ጨመረ፣ በፌብሩዋሪ 2023 ሌላ 66 በመቶ። ነዳጅ በኪውአር ኮድ በራሽን ታደለ። በማርች 2023 አይኤምኤፍ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለበጀት ጉድለት ማዕከላዊ ባንኩን ሩፒ እንዳያሳትም የሚከለክል አዲስ ሕግ ወጣ። በሴፕቴምበር 2023 ግሽበቱ 1.3 በመቶ ነበር። ከዓመት በፊት 70 ገደማ የነበረው ማለት ነው።

ሌላኛውን ገጽ ካላየን ግን ውሸት ይሆናል። በዓለም ባንክ ግምት በ2022 ከሕዝቡ ሩቡ ከድህነት ወለል በታች ነበር፤ ከዓመት በፊት ከነበረው እጥፍ ማለት ነው። የመብራት ሒሳብ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ቆጣሪው ተቆረጠ። የአካባቢ ምርጫም በ2023 ገንዘብ የለም ተብሎ ተላለፈ። ራኒል ይህን ሁሉ ሊያደርጉ የቻሉት ጎበዝ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የሚያጡት ድምፅ ስላልነበራቸው ነው። ይህ የማይመች ሐቅ ነው፤ ዴሞክራሲ ለሚወድ ሰው በተለይ። እኔም አይመቸኝም።

ሦስተኛው ሰው

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2024 ሕዝቡ ፍርዱን ሰጠ። ራኒል 17 በመቶ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። ያሸነፉት አኑራ ኩማራ ዲሳናያከ ናቸው። በ2019 ያገኙት 3 በመቶ ነበር። ፓርቲያቸው ጄቪፒ በ1971ና በ1980ዎቹ መጨረሻ መሣሪያ አንስቶ የነበረ ማርክሲስት ድርጅት ነው። በምርጫ ቅስቀሳው ከአይኤምኤፍ ጋር የተደረገውን ስምምነት እንደገና እንደሚደራደሩ ሲናገሩ ነበር። የቦንድ ባለሀብቶች ፈሩ።

ከዚያስ? ዊራሲንጌን ከወንበራቸው አላነሱም። የአይኤምኤፍ ፕሮግራሙ ቀጠለ። ራኒል ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት ከቦንድ ያዦች ጋር የደረሱበት ስምምነት በዲሴምበር 2024 በአኑራ ዘመን ተጠናቀቀ፤ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸጋሸገ። ለውጥ የለም ማለት አይደለም። ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደሞዝ ከ100 ሺህ ወደ 150 ሺህ ሩፒ ከፍ አለ። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው የመኪና አስመጪነት ተከፈተ። በሙስና ላይ ያለው ዘመቻም ከረረ፤ ራኒል ራሳቸው በኦገስት 2025 የመንግሥት ገንዘብ ለግል ጉዞ አውለዋል ተብለው ታስረው በዋስ ተለቀዋል። ግድግዳዎቹ ግን ባሉበት ናቸው። ኢኮኖሚው በ2024 5 በመቶ አደገ። ሐዋላው በ2025 8 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ያ ገንዘብ ተመልሶ ባንክ ገባ ማለት ነው።

አኑራ ለምን አልገለበጡትም? ሐሳባቸውን ስለቀየሩ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይበልጥ የሚታየኝ ሌላ ነው። ሲመጡ ሕጉ፣ ብድሩና የ2022 ትዝታ ቀድመው ጠበቋቸው። መገልበጥ የሚያስከፍለውን ሕዝቡ ራሱ ያውቀዋል። ያ ትዝታ እስኪደበዝዝ ድረስ ማንም ይምጣ ማን መንገዱ ጠባብ ነው።

እኛ አገር ነገሩ በተቃራኒው ነው የሄደው። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በጁላይ 2024 ብር ለገበያ ተለቀቀ፣ የአይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርም ጸደቀ። ይህ ሁሉ የሆነው መንግሥት ሳይቀየር ነው። ፖሊሲ ለመዞር የግድ መሪ መውረድ የለበትም ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2025 የብሔራዊ ባንኩ ገዥ ማሞ ምሕረቱ ለቀው እዮብ ተካልኝ ሲተኩ ግን ወሬው ከአንድ ሳምንት የዘለቀ አይመስለኝም። የከተማ ከንቲባ ሲቀየር ከዚያ የበለጠ እናወራለን።

ወደ ስሪላንካ ልመለስ። በኖቬምበር 2025 ዲትዋ የተባለ አውሎ ነፋስ መትቷት ከ600 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ መልሶ ግንባታው ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። የአይኤምኤፍ ፕሮግራሙ በተያዘለት ጊዜ ከሄደ በ2027 ያበቃል። ለአበዳሪ አገራት የሚከፈለው ዋናው ብድር ከ2028 ጀምሮ ይመለሳል። ከአዲሶቹ ቦንዶች ውስጥም ኢኮኖሚው ከተገመተው በላይ ካደገ ክፍያቸው የሚጨምር አሉ። ፕሬዚዳንታዊ ምርጫው በ2029 ነው። ታክስ እቀንሳለሁ ማለት ስንት ድምፅ እንደሚያስገኝ የኮሎምቦ ፖለቲከኛ ከ2019 ጀምሮ ያውቃል። አሁን የማዕከላዊ ባንኩ ሕግ መሐል ላይ ቆሟል። ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ነው፣ ሊሽረው የሚችለውም ፓርላማ። በኖቬምበር 2024 በተመረጠው ፓርላማ ውስጥ የአኑራ ጥምረት ከ225 ወንበሮች 159ኙን ይዟል።